ጤፍና የኮምባይነሩ ነፋስ

ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፤ ጋርላንድ፣ ቴክሳስ

ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድመው የተነሡት ጋሼ መኩሪያ ናቸው። እኔ ዓይኔን እያሸሁ ከመኝታ ቤት ስወጣ እሳቸው ጫማቸውን አስረው፣ የሥራ ቱታቸውን ለብሰው፣ የመፍቻ ከረጢታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። «ረፈደ» አሉኝ። ውጭው ገና ድቅድቅ ጨለማ ነው። እንደ እኔ በሳምንት አምስት ቀን የኤርፖርት ተሳፋሪ ማመላለሻ ሻትል ለሚነዳ ሰው ቅዳሜ የእንቅልፍ ቀን ናት፤ ይህን ለሳቸው ማስረዳት ግን ከተውኩት ቆይቻለሁ። (ሰዓቱን የምጽፈው በሀገር ቤት አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ጋሼ መኩሪያ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በእርሻ መሣሪያ ባለሙያነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ባለፈው ሚያዝያ ወደ ቴክሳስ ሲመጡ እኔን ሊጠይቁ ነው የተባለው። ሻንጣቸውን ሲከፍቱ ግን ከበርበሬውና ከሽሮው ሥር አንድ ወፍራም የኮምባይነር መመሪያ መጽሐፍ ወጣ፤ ያኔ ነገሩ ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደብረ ዘይት ወጣ ብሎ እሳቸው በሚኖሩበት ቀበሌ የገበሬዎች ማኅበር አለ። አንድ የውጭ በጎ አድራጊ ድርጅት ለማኅበሩ ያገለገለ ኮምባይነር ልስጣችሁ ወይስ የእህል መጋዘን ልሥራላችሁ፣ አንዱን ምረጡ ብሏቸዋል። መኪናው የተሠራው ለስንዴ ነው፤ እነሱ የሚያመርቱት በአብዛኛው ጤፍ ነው። ኮምባይነሩ የጤፍን ፍሬ ሳይበትን መያዝ ከቻለ መኪናውን ይወስዳሉ፣ ካልቻለ መጋዘኑን። መልሱ ሰኞ መሰጠት አለበት። መልሱን የሚጠብቁት ደግሞ ከጋሼ መኩሪያ አፍ ነው። ለዚሁ ሲባል አንድ የቴክሳስ ገበሬ እርሻ ላይ ጤፍ ዘርተናል፤ ዛሬ በእሱ የስንዴ ኮምባይነር ልናሳጭደው ነው።

ለሳቸው ግን ከዚህም በላይ ነበር። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት፣ በደርግ ጊዜ፣ ከመንግሥት እርሻ ኮምባይነር አስመጥተው በዚያው ቀበሌ ጤፍ ለማሳጨድ ሞክረው ነበር። ገበሬው ሁሉ ወጥቶ እያየ መኪናው ማሳውን ዞሮ ጨረሰ፤ እህሉ የሚጠራቀምበት ታንክ ሲከፈት ባዶ ነው። አንድም ሰው አልወቀሳቸውም። እስከ ዛሬ የዚያን ቀን ነገር ሲያነሡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

አሥራ አንድ ተኩል፤ ቪከሪ ሜዶ፣ ዳላስ

የቤተሰባችን ወዳጅ እትዬ የሺ አፓርትመንታቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ጎጃም ከገበሬ ቤት ተወልደው ያደጉ፣ በልጃቸው በኩል ወደ አሜሪካ ከመጡ ሁለት ዓመት የሆናቸው፣ አንድ ሆቴል አንሶላ የሚያጥቡ ሴት ናቸው። ከኋላ ወንበር ወንፊትና አንድ ትልቅ የምግብ ሣጥን ይዘው ገቡ።

«እትዬ፣ ወንፊቱ ለምንድነው? መኪና እኮ ነው የሚያጭደው» አልኳቸው።

«እሱ ለራሱ ይጨድ። እኔ ወንፊቴን ይዤ ነው የምሄደው።»

በሰኔ ወር ስንዘራም አብረውን ነበሩ፤ አረሙንም ያረሙት በአብዛኛው እሳቸው ናቸው። እኔ ሁለት ቀን አርሜ ወገቤን ይዤ ቀረሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ፎርት ዎርዝ

ዳላስን አቋርጠን በሠላሳ ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ስንነዳ ፀሐይ ከኋላችን ወጣች። ፎርት ዎርዝ ስንደርስ ነዳጅ ለመቅዳት ቆምን፤ ጋሎኑ አንድ ዶላር ከጥቂት ሳንቲም። እዚያው ቡናና ዶናት ገዛሁ። እትዬ የሺ ዶናቱን አገላብጠው አይተው ለእኔው መለሱልኝና ከሣጥናቸው ድፎ ዳቦ ቆረሱ። ጋሼ መኩሪያ ምንም አልቀመሱም። «ሆዴ አልተከፈተም» አሉ። የሚያስቡትን አውቄ መኪናውን አስነሣሁ።

ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ታጠፍን። መጋዘኑ፣ የመኪና መሸጫው፣ አፓርትመንቱ አለቀና ሜዳ ተጀመረ። ማሳው ሰፊ ነው፤ ሰው ግን የለም። ጋሼ መኩሪያ ይህን ከመጡ ጀምሮ ቢለምዱትም ዛሬም መስኮቱን ከፍተው ጠየቁ፦

«ይህን ሁሉ የሚያርሰው ማነው?»

«አንድ ሰው ይሆናል ጋሼ። ካልሆነም ሁለት።»

«የኛ ሰፈር ቢሆን ይህን ሦስት መቶ አባወራ ይካፈለው ነበር» ብለው ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡ።

አንድ ሰዓት ተኩል፤ የዴል እርሻ

ዴል ስድሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ረጅም፣ ጥቂት የሚናገር ገበሬ ነው። የተዋወቅነው ሻትል መንዳት ከመጀመሬ በፊት ፎርት ዎርዝ ውስጥ አንድ መጋዘን አብረን ስንሠራ ነው። የዚህ አገር ክረምት፣ ማለትም ብርዱ፣ ሲገባ እርሻው ሥራ ስለማይኖረው እዚያ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። ስለ ጋሼ መኩሪያ ጉዳይ በስልክ ሳጫውተው፣ «ስንዴው ሲነሣ ጠርዙ ላይ ያለችውን ቁራጭ መሬት ውሰዱ» አለኝ። የጤፉን ዘር እዚሁ አሜሪካ ከሚያመርት ሰው በፖስታ አስመጣን።

የዘራን ቀን ዴል በስንዴ መዝሪያው ሊቀብረው ሲል ጋሼ መኩሪያ ከፊቱ ቆሙ። ጤፍ አይቀበርም፣ ላዩ ላይ ይበተንና መሬቱ ይረገጣል አሉ። እኛ አገር በከብት ነው የሚረገጠው። ዴል ሜዳው ላይ የሚግጡትን የራሱን ከብቶች አየት ካደረገ በኋላ የብረት መሬት መጠቅጠቂያውን በትራክተር ጎትቶ ጠቀጠቀው። በሳምንቱ ማሳው አረንጓዴ ሆነ። ዴል ከዚያን ቀን ወዲህ ጋሼ መኩሪያን «ፕሮፌሰር» ነው የሚላቸው። እኔም በአጎቴ የማሽን እውቀት ላይ ጥርጣሬ ማንሳት ነውር መሰለኝ። የዛሬው ጥፋት ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ጤዛው እስኪደርቅ ማጨድ ስለማይቻል በረንዳው ላይ ተቀመጥን። በስተምዕራብ የሰማዩ ጥግ ጥቁር ደመና ቋጥሯል። ዴል በራዲዮ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እንደሚመጣ መነገሩን አጫወተን። የበሰለ ጤፍ ዝናብ ከመታው ይጋደማል፤ ፍሬው ይረግፋል። ሌላ ማሳ ደግሞ የለንም።

ጋሼ መኩሪያ እኔን አስተርጓሚ አድርገው ዴልን ይጠይቁት ጀመር። አያቱ በምን ነበር የሚያርሱት? በበቅሎ። ስንት ሰው ነበራቸው? ዴል ጣቱን ቆጥሮ ቆጥሮ ተወው።

«ማሽኑ ሲመጣ ያ ሁሉ ሰው የት ሄደ በለው።»

«ወደ ፎርት ዎርዝና ወደ ዳላስ» አለ ዴል። «አውሮፕላን መሥሪያው፣ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካው፣ ሆስፒታሉ የተሞላው በነሱ ልጆች ነው። ይህ ሁሉ ከተማ የቆመው ከእርሻ ተለቅቀው በወጡ እጆች ነው። አንድ ሰው ብዙ ሲያበላ ሌላው ሌላ ነገር መሥራት ቻለ። ግን እዚህ የነበረው ትምህርት ቤት ተዘጋ። ቤተ ክርስቲያኑ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የሚከፈተው።»

«አንተስ? ይህ ሁሉ መሬትና መኪና ይዘህ ክረምት ክረምት መጋዘን ምን ትሠራለህ?»

ዴል ሳቀ። «ማሽኑ እኔ ጋር ብቻ ቢሆን ሀብታም ነበርኩ። ሁሉም ጋር ስላለ ስንዴው ረከሰ። ዳቦ የሚገዛው ሰው ተጠቀመ። ጎረቤቴ ደግሞ ከሳተላይት ጋር የሚነጋገር ኮምባይነር ገዝቷል፤ የትኛው ጥግ ስንት እንዳፈራ በቴሌቪዥን ያሳየዋል። እኔ በዚህ አሮጌ ነው የምከተለው።»

ጋሼ መኩሪያ ይህን ሁሉ ጻፉ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ «እኛ ዘንድ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ በበሬ እስኪወቃ ሁለት ወር ያልፋል። በመሃል ያለ ወቅቱ የሚዘንበው ዝናብ ክምሩን ያበሰብሰዋል። ያ ሁለት ወር ቢተርፍ ሽንኩርት ይተከልበታል፣ ሽምብራ ይዘራበታል፤ በሬ ሲነዳ የሚውለው ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል። በቀን ሥራ የሚያጭደው ግን የት ይገባል? ለሱ ፋብሪካ ገና አልሠራንለትም» አሉ።

እትዬ የሺ ይህን ሁሉ ሰምተው፣ «መጀመሪያ ይያዝ እንጂ» አሉ።

አራት ሰዓት፤ የመጀመሪያው ዙር

ጤዛው ደረቀ። ጋሼ መኩሪያ ኮምባይነሩ ሥር ተንጋልለው ፍሬ የሚያፈስ ቀዳዳ ሁሉ በቴፕ ሲደፍኑ ቆይተው አቧራ ለብሰው ወጡ። በመኪናው ሆድ ውስጥ መውቂያ፣ ወንፊትና ገለባውን ወደ ኋላ የሚያባርር ማራገቢያ አለ። የቀረው የማራገቢያውን ኃይል መወሰን ነበር።

«ነፋሱን ከፍ ያድርገው» አሉ ጋሼ። «ያን ጊዜ ያጠፋነው ነፋስ አሳንሰን ነው። ገለባው እህሉን ተሸክሞት ሄደ። አውድማ ላይስ ቢሆን ሰው ደህና ነፋስ እስኪመጣ ተቀምጦ ይውል የለ?»

ተረጎምኩለት። ዴል ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ግንባሩን አከከ።

«ፕሮፌሰሩ ያውቃል» አለኝ። «ግን ይህ ዘር ከአሸዋ ያነሰ ነው። እኔ ብሆን ነፋሱን ከስንዴው በጣም ዝቅ አደርገው ነበር። ንገረው።»

«ምን ይላል?» አሉ ጋሼ።

ፊታቸውን አየሁት። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያሰቡት ነገር ነው። ባለሙያው እሳቸው፣ አጎቴ እሳቸው፣ እኔ የሻትል ሾፌር።

«ኦኬ ነው ይላል ጋሼ። እንዳሉት ያደርገዋል።»

ለዴልም፣ «አጎቴ እርግጠኛ ናቸው» አልኩት። እሱም ትከሻውን ነቀነቀና ማራገቢያውን ከፍ አደረገው።

ማሳዋ የኮምባይነሩ አፍ ሦስት ጊዜ ቢመላለስ የምታልቅ ነበረች። መኪናው እያጓራ ገባ፤ ከኋላው የወጣው አቧራ ሰማይ ሞላ። ጋሼ መኩሪያ ከጎኑ በሩጫ ይከተሉት ነበር፤ በዚያ ዕድሜያቸው! ጫፍ ደርሶ ሲቆም መሰላሉን ከሁላችንም ቀድመው ወጡ። ታንኩ ውስጥ ጎንበስ አሉና ብዙ ቆዩ።

ሲወርዱ መዳፋቸው ላይ የያዙት አንድ እፍኝ የማይሞላ ጤፍ ነው። የዴል ፒክ አፕ ጀርባ ላይ ሄደው ተቀመጡና ቱታቸውን ማራገፍ ጀመሩ። ደመናው የሰማዩን ግማሽ ይዟል።

እትዬ የሺ ግን መኪናውንም ታንኩንም አላዩም። መኪናው የተፋውን ገለባ ተከትለው ሄዱ፣ ተንበረከኩ፣ በሣጥናቸው ክዳን ዝቀው አነሡ። ክዳኑን ነቀንቅ ነቀንቅ አድርገው በአፋቸው እፍ አሉበት። ከዚያ ክዳኑን ይዘው መጥተው ጋሼ መኩሪያ ጭን ላይ አስቀመጡት። ክዳኑ በጤፍ ተሞልቷል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ መኩሪያ፣ ይሄ እኮ የገለባ ነፋስ ነው። እኔ ያባቴ አውድማ ላይ ነው ያደግሁት። ኃይለኛ ነፋስ የሚጠበቀው ጭዱ በመንሽ ሲበተን ነው። ፍሬው ከጭዱ ከተለየ በኋላማ ማን ለነፋስ ይሰጠዋል? በቁራጭ ቆዳ ቀስ እያሉ ማራገብ ነው እንጂ!»

ጋሼ መኩሪያ ቀና አሉ። ኮምባይነሩን አዩ፣ ክዳኑን አዩ። «ጭዱንማ መውቂያው ለይቶታል» አሉ ቀስ ብለው። «ነፋሱ የሚያገኘው ከወንፊቱ ላይ ያለውን ፍሬ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ በመንሽ ነፋስ መታሁት።»

በዚህ ጊዜ አላስችል አለኝ።

«ጋሼ፣ ዴልም ዝቅ ይበል ብሎ ነበር።»

«መቼ?»

«ቅድም። ንገረው ብሎኝ... ማለቴ... እርስዎን ማረም ከበደኝ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ክዳኑ ላይ ያለውን ጤፍ በጣታቸው እየነኩ፣

«ያን ጊዜ አንድ ሾፌር ነበረኝ» አሉ። «ማሳው ግማሽ ላይ መኪናውን አቁሞ ወረደ። አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ‹ምንድነው?› ስለው ‹ምንም አይደለም ጌታዬ› ብሎ ተመልሶ ወጣ። ለምን እንደወረደ ዛሬ ገባኝ።»

ከዚያ ብድግ አሉ። «ለዴል ንገረው። የራሴን ቃል፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፦ ተሳስቻለሁ፣ አንተ እንዳልከው እናድርግ በለው።»

አምስት ሰዓት ተኩል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር

ዴል ማራገቢያውን መጨረሻው ድረስ ዝቅ አደረገ። ጋሼ መኩሪያ አሁንም በዛ አሉ። ዴል ከጋራዡ ካርቶን አምጥቶ የነፋሱን መግቢያ ከሁለቱም በኩል ከልሎ በቴፕ አሰረው። «በሕይወቴ መኪናዬን በካርቶን አፍኜ ነድቼ አላውቅም» እያለ ወንበሩ ላይ ወጣ።

መኪናው ገባ። በዚህኛው ዙር ጋሼ መኩሪያ አልሮጡም፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆመው ጠበቁ። ለእኔ ያ ማሳ ከዳላስ እስከ ፎርት ዎርዝ ካለው መንገድ ረዘመብኝ።

ሲቆም፣ «አንቺ ወደ ላይ ውጪና እዪው» አሏቸው እትዬ የሺን።

እትዬ የሺ ቀሚሳቸውን ሰብስበው መሰላሉን ወጡና ክንዳቸውን ታንኩ ውስጥ ሰደዱት። እስከ ክርናቸው ሰጠመ። ሲያወጡት ክንዳቸው በጤፍና በእብቅ ተለውሷል። «ሞልቷል! ኧረ ሞልቷል!» ብለው እልልታቸውን ለቀቁት። ዴል ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ፣ ሴትዮዋ እጃቸውን ማሽን የቆረጣቸው መስሎት። ነገሩን ስነግረው የሣቀው ሳቅ እስከ ቤቱ ድረስ ይሰማ ነበር።

እብቁ ብዙ ነው፣ ግን እብቅ በወንፊት ይለቃል። የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ሲወርዱ ሦስተኛው ዙር አልቋል። ከኮምባይነሩ አጠገብ ያለው ጋራዥ ውስጥ ገብተን እትዬ የሺ በዚያው ወንፊታቸው እያበጠሩ፣ እኛ እየያዝን፣ ከሁለቱ ዙር አንድ ኩንታል የሚሻገር ንጹሕ ጤፍ ከረጢት ውስጥ አስገባን። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ጋሼ መኩሪያ ድንገት፣ «ያ ዳቦ አለ?» አሉ። ግማሹን ድፎ ብቻቸውን ጨረሱት። እንዲያ ቀልሎኝ የዋለ ቀን ትዝ አይለኝም።

ስንሰናበት ዴል ኮምባይነሩን እየመታ፣ «ለፕሮፌሰሩ ንገረው፤ ይህን የካርቶን ነገር ጎረቤቴ በሳተላይት አያገኘውም» አለ። ቃል በቃል ተረጎምኩት።

እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ ጋርላንድ

ሀገር ቤት ከሰዓት በኋላ ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ቱሉ በቀጠሯቸው መሠረት ደብረ ዘይት አንድ ሱቅ ስልክ አጠገብ ተቀምጠው እየጠበቁ ነበር። ጋሼ መኩሪያ ለሁላችን እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አስደረጉኝ። ሰላምታው አለቀ።

«እና ይይዛል?» አሉ አቶ ቱሉ።

«ይይዛል። መኪናውን ውሰዱ» አሉ ጋሼ። «አበጣጠሩን አሳያችኋለሁ። የቀን ሠራተኛውን ነገር ግን ሳንመካከር አንድ ማሳ አይታጨድም፤ ይህን አደራ። ሌላም አለ። ያን ጊዜ ጤፋችሁን የበተንኩት እኔ ነኝ። አሳነስኩ ያልኩት ነፋስ እንኳ ለጤፍ በዝቶ ነው።»

ከስልኩ የአቶ ቱሉ ሳቅ መጣ።

«እሱንማ እናውቃለን ጋሽ መኩሪያ! ያን ዕለት ገለባውን ገልጠን አይተናል። በነጋታው ሴቶቻችን ወጥተው ጠርገው ወስደው አበጥረውታል፤ ከግማሽ በላይ አግኝተናል። እርስዎ በዚያ ቱታ ቆመው፣ የመንግሥት ሰው ሆነው፣ ማን አፉን ይክፈት? ሲያዝኑ ስናይዎት ደግሞ ጨርሶ ተውነው።»

ጋሼ መኩሪያ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ግን እየሳቁ ነበር። «አግኝታችሁታል?» አሉ። «ጤፉን አግኝታችሁታል?»

«አዎ ጌታዬ። በልተነዋል እኮ!»

እኔ በዚህ ጉዞ ስለ ማሽን ብዙ ተምሬአለሁ። አንድ መኪና የአንድን አገር ልጆች ከማሳ አውጥቶ ፋብሪካና ሆስፒታል ሊያስገባ እንደሚችል ከዴል በረንዳ ላይ ሰምቻለሁ፤ ትምህርት ቤትም ሊያዘጋ እንደሚችል እዚያው ሰምቻለሁ። ከሁሉም የከበደኝ ግን የራሴ ነው። እነ አቶ ቱሉ ደብረ ዘይት ላይ አሥራ ስድስት ዓመት፣ እኔ ቴክሳስ ላይ አንድ ጠዋት፣ አንድን የምናከብረውን ሰው በአክብሮት ዝም ብለን በኀፍረት አኖርነው። ኮምባይነሩ ጤፍ የያዘው ሦስት ሰዎች አፋቸውን ስለከፈቱ ነው፤ ከሦስቱ የመጨረሻው እኔ ነበርኩ።

ስልኩ ሲዘጋ ጋሼ መኩሪያ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ፣ ሌላ የደበቅከኝ ነገር አለ?»

አሰብኩ። ባለቤቴ ከኩሽና በር ላይ ሆና በዓይኗ ዝም በል እያለችኝ ነው።

«አለ ጋሼ» አልኩ። «ያንኮራፋሉ። ከመጡ ጀምሮ ቤቱ እንቅልፍ የለውም።»